ለድመት የሚታኘክ መጫወቻ ስትመርጡ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነው

ከክር እጀምራለሁ። ድመትና የሱፍ ክር በሥዕል ላይ አይለያዩም። እኔ የምሠራው የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ ያንን ሥዕል ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ።

የድመት ምላስ ላይ ያሉት ትንንሽ እሾሆች ወደ ጉሮሮዋ የዞሩ ናቸው። ክር አንዴ ከያዛት መትፋት ይከብዳታል፤ ትውጠዋለች። አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ወይም የጨጓራዋ መውጫ ላይ ይያዛል፣ ሌላው ወደ አንጀት ይወርዳል። አንጀቷ ሊገፋው ሲሞክር ክሩ ላይ ይሸበሸባል፤ ልክ ገመዱ እንደተሳበ የሱሪ ወገብ። ክሩ እየጠበቀ ሲሄድ አንጀቱን ይበሳዋል። ሪባን፣ የጥርስ ክር፣ የጫማ ማሰሪያ ያው ናቸው። የፀጉር ላስቲክም አንጀት ይዘጋል። ዱላ ላይ ክር የታሰረበት መጫወቻ ካላችሁ አብራችኋት ሆናችሁ አጫውቷት፤ ስትጨርሱ ቆልፉበት።

ከዚህ የባሰው ደግሞ መጎተት ነው። ከአፏ ወይም ከኋላዋ ክር ተንጠልጥሎ ካያችሁ እባካችሁ አትሳቡት! ውስጥ ተይዞ ከሆነ አንጀቷን ትቀዱታላችሁ። በቀጥታ ወደ ሐኪም ውሰዷት። አንዲት ድመት እያስታወከችና ምግብ እምቢ ብላ መጣች፤ ባለቤቷ «ትንሽ ብቻ ነው የሳብኩት» አለችን። ምላሷን ስናነሳ የልብስ ስፌት ክር ሥሩ ላይ ተጠምጥሟል። ድመቷ ተርፋለች፤ ግን የአንጀቷ ክፍል ተቆርጦ ወጥቶ ነው።

የውሻ ማኘኪያ ለድመት አትግዙ። አብዛኛው በጣም ጠንካራ ነው፤ ጥርሷን ይሰብራል። በጥፍራችሁ ጫን በሉት፤ ምልክት ካልያዘ ተዉት። የበሰለ አጥንትማ ተሰንጥቆ ስለት ይሆናል።

በሙጫ የተለጠፈ ዓይን፣ ቃጭል ወይም ላባ ያለበትን መጫወቻ ከመስጠታችሁ በፊት ጎትታችሁ ሞክሩት። እናንተ ከነቀላችሁት እሷም ትነቅለዋለች። ክብ ትንሽ ባትሪ ያለበት ከሆነ ጭራሽ አይግባ፤ ከተዋጠ በሰዓታት ውስጥ ጉሮሮ ያቃጥላል።

ያገኙትን ሁሉ አኘኩ ብለው የድመት ግልገሎች ላይ የሚጮኹ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ከ3 ወይም 4 ወር ገደማ ጀምሮ 26ቱ የወተት ጥርሶች እየወደቁ በ30 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። ሚስኪኗ ድዷ እያመማት ነው። ፍሪጅ ውስጥ የቀዘቀዘ ለስላሳ የጎማ መጫወቻ ስጧት፤ ያስታግሳታል። እጃችሁን ግን አታስነክሷት፤ ካደገች በኋላም ትቀጥልበታለች።

ካትኒፕ (ድመቶችን በመዓዛው የሚያስፈነድቅ ቅጠል) ያለበት መጫወቻ ገዝተው ግልገሏ ዞራ ሳታየው ስትቀር «ብሬ ባከነ» የሚሉም አሉ። ትንንሾቹ ገና አይሰማቸውም። ካደጉትም መካከል በተፈጥሯቸው ምንም የማይላቸው አሉ።

የቻርጀር ገመድ እንዳታኝክ ብላችሁ መዓዛ ያለው ዘይት አትቀቡ። የድመት ጉበት እንዲህ ያሉ ዘይቶችን በቀላሉ አያስወግድም፤ ቲ ትሪ የሚባለው ደግሞ መርዟ ነው። ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ ሸፍኑት፣ ይበቃል።

የተቦጨቀ መጫወቻ ይጣል። ብትወደውም ይጣል።

እንዲህ አድርጋ የማታውቅ ትልቅ ድመት ድንገት ጨርቅና ፕላስቲክ ማኘክ ከጀመረች ግን አዲስ መጫወቻ አትፈልጉላት። የጥርስ ሕመም ወይም የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ አስመርምሯት።