ራሜ 3600 ላይ አልረጋ ብሎ እንዴት እንዳስተካከልኩት

ጅማ ቤቴ ራሴ የገጣጠምኩት ዴስክቶፕ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ራም አለው፤ ኤክስኤምፒው (አምራቹ ራሙ ላይ አስቀድሞ ያስቀመጠው የፍጥነት ሴቲንግ) 3200 ነው። ወደ 3600 ሳሳድገው ዊንዶውስ ይነሳል፣ ቪዲዮ ኤዲት ስጀምር ግን ሰማያዊ ስክሪን! መጀመሪያ የመብራት መዋዠቅ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። የራም ስህተት የሚፈትሸውን ሜምቴስት86ን ከፍላሽ አስነሳሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ስህተት የሚያሳይ ቀይ መስመር ተደረደረ። በ3200 ግን ሁለቱም ራሞች ንጹህ ናቸው።

ባዮስ (የእናት ቦርዱ መሠረታዊ ሴቲንግ) ገብቼ ሲኤልን (ራሙ መልስ እስኪሰጥ የሚፈጅበትን የዑደት ብዛት) ከ16 ወደ 18 አላላሁ፣ ቮልቴጁን ከ1.35 ወደ 1.38 ከፍ አደረግኩ፣ የራይዘን ፕሮሰሰሬን ኢንፊኒቲ ፋብሪክ (የፕሮሰሰሩን ክፍሎች እርስ በርስና ከራሙ ጋር የሚያገናኘውን መስመር) 1800 ሜጋኸርዝ ላይ አሰርኩት። ስህተቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ክዳኑን ስከፍት ራሞቹ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 1ኛና 3ኛው ቀዳዳ ላይ ናቸው! የእናት ቦርዱ ማኑዋል የሚለው 2ኛና 4ኛ ነው። አቧራውን ጠርጌ፣ ወርቃማ ጥርሳቸውን በላጲስ ቀስ ብዬ አሽቼ አዛወርኳቸው። ሜምቴስት86 ሌሊቱን አራት ዙር ሮጦ ዜሮ ስህተት። ሴቲንጉን ወዲያው ባዮስ ፕሮፋይል ላይ ሴቭ አደረግኩት።