ጨቅላ ልጅ ስታስተኙት እንዳይባንን

ጠብቶ፣ አግስቶ፣ ክንዳችሁ ላይ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዶታል። አልጋው ላይ ስታጋድሙት ግን ሁለት እጁን ዘርግቶ ይባንንና ያለቅሳል። እንደገና እሹሩሩ።

ከጭንቅላቱ አትጀምሩ። ደረታችሁ ላይ እንደለጠፋችሁት ወደ አልጋው ጎንበስ በሉ። መጀመሪያ እግሩ ፍራሹን ይንካ፣ ከዚያ ቂጡ፣ ከዚያ ጀርባው። ጭንቅላቱ የመጨረሻ ነው። አንገቱን የደገፈውን እጅ ቶሎ አትንጠቁት። ሌላውን እጃችሁን ደረቱ ላይ ቀለል አድርጋችሁ ትንሽ ቆዩ፤ ትንፋሹ ሲረጋጋ ቀስ ብላችሁ አንሱ።

ለምን ይሠራል? ጨቅላ ልጅ ጭንቅላቱ ድንገት ወደ ኋላ ሲል የሚወድቅ ይመስለዋል። ያኔ እጁ ሳያስበው ይዘረጋና ተመልሶ ይሰበሰባል። ሐኪሞች የሞሮ ሪፍሌክስ ይሉታል፤ ስሙ የመጣው በ1918 እ.ኤ.አ. ስለ እሱ ከጻፈው የሕፃናት ሐኪም ከኤርንስት ሞሮ ነው። በመጀመሪያው ወር ይበረታል፣ እስከ 6 ወር ድረስ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ስለዚህ ሲባንን ዓይን በልቶት ነው ብላችሁ አትጨነቁ። ጤነኛ ልጅ እንዲህ ያደርጋል።

እንዳይባንን ብላችሁ ግን በሆዱ ወይም በጎኑ አታስተኙት፣ ትራስና ወፍራም ጋቢም አትደርድሩበት። ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛ። ሲባንን የሚዘረጋው አንድ እጁን ብቻ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪም አሳዩት፤ ሲወለድ የክንዱ ነርቭ ወይም የትከሻው አጥንት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።