ጀልባ የሚጎትት ፒክአፕ ጀርባው ላይ ስንት ይችላል?

ሥራዬ ባህር ዳር ውስጥ ጀልባ በተሳቢ ማመላለስ ነው። አንዳንዴ ከሐይቁ ዳር ወደ ጥገና፣ አንዳንዴ በጎንደር ዞሬ ወደ ጎርጎራ። ባለጀልባዎች ሁሌ የሚጠይቁኝ "መኪናዬ ይጎትተዋል ወይ?" ብለው ነው። ይጎትተዋል። የዘመኑ ናፍጣ ደብል ጋቢናዎች ጉልበት አያንሳቸውም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ መኪናው ራሱ ላይ ስንት ኪሎ ይሸከማል?

ሁለቱ አቅሞች ለየቅል ናቸው። ሻጩ "ሁለት ቶን ተኩል ይጎትታል" ሲላችሁ፣ አብዛኛው ክብደት የሚያርፈው በተሳቢው በራሱ ጎማ ላይ ነው። የመጫን አቅም ግን የመኪናው ጎማ፣ አክሰል፣ ባሌስትራና ፍሬን የሚችሉት ነው። ቤተሰብና ዕቃ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ይሄኛው ነው።

በሾፌሩ በር ምሰሶ ወይም በሞተሩ ክፍል ውስጥ የፋብሪካ ሰሌዳ አለ። የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት እዚያ ላይ ተጽፏል። ከዚያ ላይ የመኪናውን ባዶ ክብደት ቀንሱ። የቀረው የመጫን አቅማችሁ ነው።

በምሳሌ እንየው። ጠቅላላው 2,900 ኪሎ፣ ባዶው 2,000 ኪሎ ይሁን። 900 ቀረ። ብዙ ይመስላል። አምስት ሰው በ70 ኪሎ ሲታሰብ 350 ነው፤ 550 ቀረ። ፖርቶ መጋላና የኋላው የብረት ሽፋን 90 ኪሎ፣ መጎተቻው ብረት ከነመንጠቆው 30 ኪሎ ቢሆኑ 430 ቀረ። ጀልባው ከነሞተሩ፣ ከነነዳጁና ከነተሳቢው 1,500 ኪሎ ቢመዝን፣ ከዚያ ውስጥ አሥር በመቶው፣ ማለትም 150 ኪሎ፣ በመንጠቆው በኩል መኪናው ላይ ይጫናል። የተረፋችሁ 280 ነው። ሁለት ኩንታል ጤፍና አራት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ነዳጅ ብትጨምሩበት ሞላ ማለት ነው። ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) ለሚጎትትም ሂሳቡ ያው ነው፤ እንዲያውም የካራቫን መንጠቆ ከዚህ በላይ ሊከብድ ይችላል።

መንጠቆው ላይ ያለው ክብደት ደግሞ ከቁጥሩ በላይ ይጎዳል። የሚያርፈው ከኋላ ጎማ ወዲያ ስለሆነ መኪናውን እንደ ሚዛን ያጋድለዋል። በሁለቱ አክሰሎች መካከል ወደ 3.1 ሜትር ያለው ፒክአፕ ላይ፣ መንጠቆው ከኋላ አክሰል 1.2 ሜትር ቢርቅ፣ 100 ኪሎ የኋላውን አክሰል ወደ 140 ኪሎ ይጭነዋል። ከፊቱ ደግሞ ወደ 40 ኪሎ ያነሳል። መሪው የሚቀልለውና የማታ መብራቱ የመጪውን ሰው ዓይን የሚወጋው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከጠቅላላው በተጨማሪ የኋላ አክሰሉን ልክ ለብቻው እዩ፤ ብዙ ሰሌዳዎች ላይ አለ።

"ጋሼ፣ አንድ ባሌስትራ እንጨምርበትና ይገላገሉ" የሚሏችሁ አይጠፉም። እባካችሁ አትቀበሉ። ባሌስትራ የወረደውን ጭራ ያነሳል እንጂ የተፈቀደውን ክብደት አይጨምርም። ፍሬኑ ያው ነው፣ ኩሽኔታው ያው ነው፣ ሻንሲውም ያው ነው። መኪናው ቀጥ ብሎ ስለቆመ ብቻ ችግሩ ከዓይን ይሰወራል፤ እኔ የምፈራው ይህንን ነው።

ክብደቱን ለማቅለል ብላችሁም መንጠቆውን ባዶ አታድርጉት። ጀልባ ሞተሩ ከኋላ ስለሚንጠለጠል ተሳቢው ወደኋላ ማዘንበል ይወዳል። መንጠቆው በጣም ከቀለለ ፍጥነት ሲጨምር ተሳቢው ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፣ መኪናውንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። ከባድ ዕቃ ከተሳቢው አክሰል ትንሽ ወደፊት ይሁን። በክረምት ደግሞ የጀልባውን የታችኛውን መክደኛ ፈታችሁ የዝናቡን ውሃ አፍስሱ። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው። ሸራ ለብሶ የከረመ ጀልባ ውስጥ ይሄን ያህል ማግኘት አይገርምም።

ግምት አይበቃም፣ መዝኑ። ሰዉና ዕቃው ሁሉ ተሳፍሮ፣ ተሳቢው ተያይዞ መኪናውን ብቻ ምድር ሚዛን ላይ አውጡት፤ የመንጠቆው ጫና አብሮ ይነበባል። ለመንጠቆው ብቻ የእህል ነጋዴ ሚዛን ይበቃል። ሜዳ ቦታ ላይ ተሳቢውን ፍቱና ምላሱን፣ ማለትም መንጠቆው ላይ የሚያያዘውን የፊት ጫፉን፣ በሚያያዝበት ከፍታ ሚዛኑ ላይ አሳርፉ። ያላችሁ የሰው ሚዛን ብቻ ከሆነ ጠንካራ ጣውላ ፈልጉ። አንዱን ጫፍ ጡብ ላይ፣ ሌላውን ሚዛኑ ላይ አድርጉ። ጣውላው ባዶውን እንዲህ ተዘርግቶ ሳለ ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር አስቀድማችሁ ያዙ። ከዚያ የተሳቢውን ምላስ ከጡቡ በኩል አንድ ሦስተኛው ላይ አሳርፉት። ሚዛኑ ካሳያችሁ ላይ የጣውላውን ቀንሳችሁ በሦስት አባዙ።

ጎማም አትርሱ። ጎኑ ላይ ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር የመሸከም ልኩ ነው፤ 112 ካለ አንዱ ጎማ እስከ 1,120 ኪሎ ይችላል፣ 104 ካለ 900 ብቻ። ንፋሱን ጠዋት ሳይነዳ ለኩ።

ከባህር ዳር ስትወጡ የፎገራ ሜዳ ምንም አያሳያችሁም። ከአዲስ ዘመን በኋላ ያለው ዳገትና ቁልቁለት ነው የሚፈትናችሁ። በዓባይ በረሃ ከመጣችሁማ ከጎሃ ጽዮን እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሬኑን ረግጣችሁ አትቆዩበት። መጀመሪያ በቆማችሁበት ቦታ እጃችሁን ወደ ተሳቢው ቸርኬ ሳትነኩ አስጠጉት። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ኩሽኔታውና ፍሬኑ ሳይታዩ አትቀጥሉ።