የመርሰን ቁጥር ብቸኛ ቁጥር መሆኑን በወረቀት ማረጋገጥ

አንድ ቁጥር ብቸኛ (ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው) መሆኑን ለማወቅ በትምህርት ቤት የተማርነው ዘዴ ከካሬ ዘሩ በማይበልጡ ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ እያካፈሉ መሞከር ነው። ለ127 አምስት ጊዜ ማካፈል ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ለተገኘውና 41,024,320 አሃዞች ላሉት 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹−1 ግን በምድር ላይ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ቢረባረብ ከንቱ ድካም ነው። እንዲህ ከ2 ርቢ ላይ 1 ተቀንሶ የሚገኙት የመርሰን ቁጥሮች ግን የራሳቸው አቋራጭ አላቸው።

በቅድሚያ አርቢውን፣ ማለትም ከ2 ራስጌ በትንሹ የተጻፈውን ቁጥር፣ ይመልከቱ። አርቢው ራሱ ብቸኛ ካልሆነ ድካም አያስፈልግም፤ 2⁶−1 ማለትም 63 ለ3 እና ለ7 ይካፈላል። አርቢው ብቸኛ ስለሆነ ብቻ ግን ቁጥሩ ብቸኛ ነው ማለት አይደለም፤ 2¹¹−1 ወይም 2047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው።

ቀጥሎ አካፋዮችን ያበጥሩ። አርቢው ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ፣ ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ለአርቢው እጥፍ ሲካፈል 1 ይቀረዋል፤ ለ8 ሲካፈል ደግሞ ቀሪው 1 ወይም 7 ነው። 23 ለ22 ተካፍሎ 1፣ ለ8 ተካፍሎ 7 እንደሚቀረው ልብ ይበሉ። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 ብቸኛነቱን ላረጋገጠለት 2³¹−1 ወይም 2,147,483,647፣ እስከ ካሬ ዘሩ ማለትም እስከ 46,340 ድረስ ይህን ወንፊት የሚያልፉት 373 ቁጥሮች ብቻ ናቸው።

ዋናው ፈተና የሒሳብ ሊቃውንቱ የሉካስና የሌመር ነው። ከ4 ይነሱ፤ በራሱ ያባዙት፣ 2 ይቀንሱ፣ ውጤቱን ለሚፈተነው ቁጥር አካፍለው ቀሪውን ብቻ ይያዙ። ይህን ከአርቢው በ2 ባነሰ ቁጥር ይደጋግሙት፤ መጨረሻው 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፣ ካልሆነ አይደለም። ለ2⁷−1 ወይም ለ127 አምስት ዙር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው 14 ይሰጣል፤ ሁለተኛው 194 ሆኖ ቀሪው 67 ነው፤ ሦስተኛው 4487 ሆኖ 42፣ አራተኛው 1762 ሆኖ 111 ይቀራል። አምስተኛው 12,319 ሲሆን ይህ 97 ጊዜ 127 ስለሆነ ምንም አይቀርም።

ማካፈሉ ከከበደዎት በ127 ፋንታ በ128 ያካፍሉና ድርሻውንና ቀሪውን ይደምሩ፦ 4487 ውስጥ 128 ሠላሳ አምስት ጊዜ ገብቶ 7 ይተርፋል፣ 35 እና 7 ደግሞ 42 ነው። ኮምፒውተርም ትልልቆቹን ቁጥሮች የሚቋቋመው በዚሁ ብልሃት ነው።

ፈተናው ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን ሲናገር አካፋዩን ግን አይጠቁምም። ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1876 2⁶⁷−1 ብቸኛ አለመሆኑን አሳየ፤ አካፋዮቹን 193,707,721 እና 761,838,257,287ን ግን ኮል ያቀረባቸው በ1903 ነው። ትንሹ እንኳ ለ134 (ለአርቢው ለ67 እጥፍ) ተካፍለው 1 ከሚቀራቸው ቁጥሮች ተርታ 1 ራሱ ሳይቆጠር 1,445,580ኛው ነው።