ከአዳማ አዋሽ ለሁለት በአንድ ሞተር፦ ከኋላ የተቀመጠችው ትወስን

አዳማ ሞተር ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከእጮኛው ወይ ከባለቤቱ ጋር ወደ ታች፣ ወደ በረሃው መውረድ ያምረዋል። ሶደሬ ቅርብ ነው፣ ላንጋኖም የተለመደ ነው፣ እኔ የምጽፈው ግን ስለ መተሐራና አዋሽ ነው፣ ቅዳሜ ሄዶ እዛው አድሮ እሁድ ለመመለስ። እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለብቻው ለሚነዳ ሰው ምንም ማለት አይደለም። ለሁለት ሲሆን ነው ነገሩ የሚለየው፤ የሚነዳው ሰው ስራ ላይ ስለሆነ ሙቀቱም ድካሙም ቶሎ አይሰማውም፣ ከኋላ ያለው ግን እጁን አጣጥፎ ይጠበሳል። ስለዚህ መቼ እንደሚቆም፣ በምን ፍጥነት እንደሚኬድ፣ ጉዞው ይቀጥል ወይስ ይብቃ የሚለውን ከኋላ ያለው ይወስን፣ አለቀ። እኛ ቤት ከኋላ የምትቀመጠው ባለቤቴ ስለሆነች "እሷ" እያልኩ ነው የምጽፈው፣ እሷ የምትነዳ ከሆነ ገልብጣችሁ አንብቡት።

ወሩን በደንብ ምረጡ። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው ጥሩው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለውን እርሱት፣ እኩለ ቀን ላይ ያን አስፋልት በሁለት ጎማ መሄድ ጉዞ ሳይሆን ቅጣት ነው። አዳማ ከባህር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ናት፣ መተሐራ ግን ከ1,000 ሜትር በታች፣ እና ወለንጪቲን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ ሲጨምር ፊታችሁ ላይ ይሰማችኋል።

ከመነሳታችሁ በፊት ባሉት ቀናት መንገዱን አጣሩ። መናኸሪያ ሄዳችሁ ያን ቀን ከአዋሽ የመጣ ሹፌር ጠይቁ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ ኬላው ላይ ምን አለ፣ ብላችሁ። አስጊ ነው ከተባለ ሶደሬ ሂዱ፣ ጀብድ አያስፈልግም። መሬቱም ራሱ አርፎ የተኛ አይደለም፣ በ2017 ዓ.ም. በዚሁ መስመር ፈንታሌና ዶፈን የሚባሉት ተራሮች አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ሰው ከቀዬው ተነስቶ ነበር፣ ፈንታሌ እኮ እሳተ ገሞራ ነው። ስለዚህ ዜናውንም እዩ። ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የሁለታችሁም መታወቂያ፣ ኢንሹራንስ፣ ቦሎው ጊዜው ያላለፈ መሆኑ፣ ይሄን ማታውኑ አንድ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ጨርሱት።

ሞተሩን በተመለከተ ቦክሰርም ይሁን አፓቼ ልዩነቱ ትልቅ አይደለም፣ ትልቁ ልዩነት ሁለተኛው ሰው የሚጨምረው ክብደት ነው። የኋላው ጎማ ለሁለት ሰው የሚፈልገው ንፋስ ለአንድ ሰው ከሚፈልገው ይበልጣል፣ ብዙ ሞተር ላይ ቁጥሩ የካቴናው መሸፈኛ ላይ ወይ መመሪያው ውስጥ ተጽፏል። ንፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይግል አዳማ ላይ አስሞሉ። መተሐራ ስትደርሱ ከሙቀቱ የተነሳ ቁጥሩ ጨምሮ ታገኙታላችሁ፣ ያኔ ደንግጣችሁ እንዳታስተነፍሱት፣ ሲበርድ ተመልሶ ይወርዳል፣ ካስተነፈሳችሁት ደግሞ ጎማው ሳስቶ ይበልጥ ይግላል። የኋላው አሞርዛተር (ንዝረቱን የሚያበርደው ሞላ) ማስተካከያ ካለው አንድ ሁለት ጥርስ አጥብቁት። ካቴናው ሰው ሲቀመጥበት ስለሚወጠር ባዶውን እያላችሁ ድርቅ አድርጋችሁ አትሰሩት፣ ትንሽ ልል ይበል። ፍሬኑ ደግሞ ለሁለት ሰው ለመቆም የበለጠ ርቀት ስለሚፈልግ ከፊታችሁ ካለው መኪና ለብቻችሁ ስትሆኑ ከምትርቁት ሰፋ አድርጋችሁ ራቁ። ካላማዳሪ (የጎማው ውስጠኛ ላስቲክ)፣ ካንዴላ (ነዳጁን የሚለኩሰው)፣ ፒንሳና ትንሽ ፓምፕ ያዙ፣ ጎሚስታ ወለንጪቲም መተሐራም አለ፣ በመሃል ግን ረጅም ባዶ ቦታ አለ። ነዳጁን አዳማ ሙሉ፣ ታች ይገኛል ብላችሁ አትመኑ።

አሁን ወደ እሷ። ሄልሜት ለሁለቱም፣ ይሄ አያከራክርም፣ እዚህ አገር ነጂው አድርጎ ከኋላ ያለችው በነጠላ ብቻ ስትሄድ ሳይ ደሜ ይፈላል። ነጠላው ራሱ አደጋ ነው፣ ጫፉ ካቴና ወይ ጎማ ውስጥ ከገባ ሰው ይዞ ነው የሚወርደው፣ ረጅም ቀሚስም እንደዛው። ሱሪ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ እጅጌው ረጅም የጥጥ ሸሚዝ፣ ከላይ ጃኬት። ሰው ሲሞቀው ማውለቅ ነው የሚያስበው፣ በሞተር ላይ ግን አየሩ ከ35 ዲግሪ ካለፈ ከቆዳችሁ በላይ ሞቀ ማለት ነው፣ ያኔ ንፋሱ ማቀዝቀዙን ትቶ እንደ ምድጃ ወላፈን ይመታችኋል፣ ያላባችሁትንም ሳታዩት ያደርቀዋል። ስለዚህ ተሸፈኑ፣ ከውስጥ ያለውን ሸሚዝ ወይ አንገት ላይ ያለውን ሻሽ ደግሞ በየፌርማታው ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ደህና መንገድ ያስኬዳል።

በአንድ በኩል መቀመጥ ለከተማ ውስጥ ነው (ለከተማውም አልወደውም)፣ እዚህ መንገድ ላይ እግር ግራና ቀኝ። እግሯን ከጭስ ማውጫው ታርቅ፣ ባቷ ላይ የሚተው ጠባሳ አይጠፋም። ኩርባ ላይ ወደ ውስጥ በሚያዘነብለው ትከሻ በኩል አሻግራ ትይ እንጂ ወደ ተቃራኒው እንዳትገፋ። ስትወጣና ስትወርድ እሺ ሳትባል አትንቀሳቀስ። ንፋሱ ስለማያሰማ ምልክት ተስማሙ፦ ትከሻ ላይ አንድ መታ ቀስ በል፣ ሁለት መታ ቁም። ሁለት ከተመታ ጥያቄ የለም፣ "ትንሽ ቀረን" የለም፣ ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጎ መቆም ነው። ዝም ማለቷን ተመችቷት ነው ብሎ መውሰድ ልክ አይደለም፣ ከሙቀቱ የተነሳ እንቅልፍ ይወስዳል፣ የተኛ ሰው ደግሞ ይወድቃል። እሱም በየደቂቃው እጇን ነካ ያድርግ።

ውሃ በሰው ቢያንስ 3 ሊትር፣ ከቻላችሁ ከዛም በላይ። በየ30 እና 40 ደቂቃው ቆማችሁ ጠጡ፣ ጥም እስኪመጣ አትጠብቁ። ከፋርማሲ ኦአርኤስ ገዝታችሁ ያዙ፣ ከላብ ጋር የሚወጣውን ጨው ባዶ ውሃ አይመልሰውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ በዛ ሙቀት መሃል ብርድ ብርድ ማለት፣ ወሬ መዘባረቅ ከመጣ ጉዞው እዛ ላይ ቆመ፣ ጥላ፣ ውሃ ማርከፍከፍ፣ ካልተሻላት ወይ ካልተሻለው በመኪና ወደ ጤና ጣቢያ። ቡና በጠዋት ጠጡ፣ ቢራውን ለማታ አቆዩት።

ከአዳማ ልክ እንደነጋ 12 ሰዓት ላይ ውጡ። ፀሐይ ከፊታችሁ ነው የምትወጣው፣ እስከ 2 ሰዓት ድረስ አይን ትወጋለች፣ ስለዚህ ጠቆር ያለ የሄልሜት መስታወት ወይ መነጽር ያዙ። መንገዱ የጅቡቲ መስመር ነው፣ ሲኖትራኩና ተሳቢው አያልቅም፣ ሲያልፋችሁ የሚያመጣው ንፋስ መጀመሪያ ይገፋል ቀጥሎ ይስባል፣ መሪውን ላላ አድርጋችሁ ያዙ፣ እሷም ጠጋ ትበል። ከፊት የሚቀድም መኪና ካያችሁ መብቴ ነው ብላችሁ አትከራከሩ፣ ጠርዝ ያዙ። ግመል ሲሻገር ጥሩምባ አትንፉ፣ አንዷ ከተሻገረች ሌሎቹም ይከተላሉ፣ ቁሙና አሳልፉ። እረኞቹ ከረዩዎች ናቸው፣ ሰላምታ ስጡ፣ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ።

መተሐራ ስትደርሱ በሰቃ ሐይቅ አለ፣ እሱን ቆማችሁ እዩት። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ የነበረ ውሃ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኖ አስፋልቱንም ሐዲዱንም እያስጨነቀ ነው፣ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውሃው ውስጥ ገብቶ ሲታይ ሌላ ዓለም ይመስላል። ጨዋማ ነው፣ አይጠጣም፣ አዞም ስላለ ለመዋኘት አታስቡት። ፎቶ ግን እዛ ነው።

ከመተሐራ ወዲያ አስፋልቱ የአዋሽ ፓርክን አቋርጦ ያልፋል። ፓርኩ በ1958 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው፣ እድለኛ ከሆናችሁ ሳላ የሚባለውን ቀንደ ረጅም የዱር እንስሳ ከመንገዱ ዳር ሆናችሁ ታያላችሁ። ፏፏቴውን ለማየት ወደ ውስጥ ልግባ ካላችሁ ሞተሩን አስቀምጡና መኪና ፈልጉ፣ አንበሳና ጅብ ባለበት ሜዳ ላይ በሞተር መዞር የጤና አይደለም፣ ልቅ አሸዋው ላይ ለሁለት መንዳትም አስቸጋሪ ነው። እኔ በጊዜ አዋሽ ገብቶ ማረፉን እመርጣለሁ። ከ4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ሞተር ላይ አትገኙ፣ ክፍል ይዛችሁ ተኙ። ማታ ቀዝቀዝ ሲል የፍየል ጥብስ፣ ከዛ የድሮውን ባቡር ጣቢያ ዞር ዞር ብሎ ማየት። የግመል ወተት ካላመዳችሁት በመንገድ ቀን አትሞክሩት፣ ሆድ ያስቸግራል፣ ሞተር ላይ ደግሞ የትም አትደርሱም። አካባቢው ወባ አለበት፣ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ።

እሁድ ጠዋትም 12 ሰዓት ነው መነሳት፣ ፀሐይዋ በዚህኛው አቅጣጫ ከጀርባ ናት፣ ደስ ይላል። እሷ ግን ማታ አልተኛሁም ካለች ቁርስ በልታችሁ እስክትነቃ ጠብቁ፣ ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ እስከ 10 ሰዓት አርፋችሁ ወደ መተሐራ ብቻ ሂዱና እዛ እደሩ፣ በጨለማ ያን መስመር አትሞክሩት። ወለንጪቲ ላይ አየሩ ይቀየራል፣ የአዳማ ንፋስ ከጎን መምታት ይጀምራል፣ ፍጥነት ቀንሱ። ቤት ስትገቡ ካቴናውን በዛው ቀን በጨርቅ ጠርጋችሁ ዘይት ቀቡት፣ አቧራው እንደተለጠፈ ካደረ ይበላዋል።