የማይስማማንን ምግብ ቤታችን ሆነን እንዴት እንለያለን?

ደሴ ውስጥ «እጄን ይቆረጥመኛል» ያለ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ ሥጋ ተው ይለዋል። ሌላው ቲማቲም ነው ይላል። ጎረቤት ደግሞ ወተትና ሽሮ ትጨምርበታለች። ሁሉንም የሰማ ሰው ከጥቂት ወር በኋላ ከስቶ፣ ጉልበት አጥቶ ይገኛል። ቁርጥማቱ ግን እዚያው ነው። እኔም የመገጣጠሚያ ብግነት ስላለብኝ ይህን ምክር ሁሉ ሰምቻለሁ። የጠቀመኝ ግን አንድ መንገድ ነው፦ አንድ ምግብ ብቻ ማቆም፣ ከዚያ ሆን ብሎ መልሶ መብላት። ማቆም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ምግቡ ሲመለስ ሕመሙም ከተመለሰ ያኔ እናምናለን።

መጀመሪያ ሐኪም ጋ

ምንም ነገር ከማቆማችሁ በፊት ሆድ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የሰገራ ምርመራ አሠሩ። ጃርዲያ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፣ አንጀትንም ስለሚጎዳ ወተት ለጊዜው እንዳይስማማ ያደርጋል። ጃርዲያ ያለበት ሰው ወተት ቢያቆም ትንሽ ይሻለዋል። «ለካ ወተት ነው!» ብሎ ይደመድማል። ተውሳኩ ግን ሆዱ ውስጥ ተመችቶት ተቀምጧል።

የምትጠረጥሩት ስንዴን ከሆነ የሴሊያክ ምርመራ የሚሠራው ስንዴ እየበላችሁ ሳለ ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለውን ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሲበላ፣ የሰውነቱ መከላከያ ትንሹን አንጀቱን ያጠቃል። በደም ምርመራ የሚፈለገው ምልክት ስንዴ ካቆሙ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ያቆመ ሰው በሽታው እያለበት «የለብህም» ሊባል ይችላል። ምርመራው በየጤና ጣቢያው የሚሠራ አይደለም። ሐኪማችሁን የት እንደሚገኝ ጠይቁት፣ እስከዚያ ዳቦውን ብሉ።

መድኃኒት አይቆምም። ሜቶትሬክሴት ወይም ሌላ የብግነት መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች፣ እባካችሁ፣ «ምግቤን አስተካክያለሁ» ብላችሁ አትተዉት። መድኃኒት የተተወበት የመገጣጠሚያ ብግነት አጥንቱንና የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ አጥንት ይበላል። የተበላው ደግሞ አይመለስም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተባሉ ማስታገሻዎችን ከመድኃኒት ቤት እየገዛችሁ የምትውጡ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሩት። ጨጓራን የሚያቃጥሉት እነሱ ሆነው ሳለ ስንቱ ሰው በርበሬን ይከስሳል!

ምግብ በልቶ ከንፈሩ ወይም ጉሮሮው ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ሰውነቱ በሽፍታ የተሞላ ሰው ይህን ሙከራ ቤት ውስጥ አያድርግ። ያ አለርጂ ነው፣ ሊገድል ይችላል። ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ክብደታቸው እየቀነሰ ያሉና ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎችም ያለ ሐኪም አይጀምሩ።

ደም ወስዶ የማይስማሙ ምግቦችን ረጅም ዝርዝር የሚሰጥ አይ-ጂ-ጂ የሚባል ምርመራም አለ። የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት አይመክሩትም። የሚያሳየው በአብዛኛው ምን እንደበላችሁ ነው። ገንዘባችሁን ለዓሣና ለአትክልት አውሉት።

ደብተር

ለሁለት ሳምንት ምንም ሳትቀይሩ መዝግቡ። እኔ ስልክ ላይ ከሚጫን መተግበሪያ ይልቅ የሃያ አራት ቅጠል ደብተር እመርጣለሁ። ማዕድ ቤት በር ላይ በክር ይንጠለጠላል፣ ቤተሰቡም ያየዋል።

የበላችሁትን ከነሰዓቱ፣ የወሰዳችሁትን ማስታገሻ፣ እንቅልፋችሁን፣ ሴቶች የወር አበባ ቀናችሁን ጻፉ። ሕመሙን ግን «ዛሬ ደህና፣ ትናንት ከፋ» ብላችሁ አትጻፉ፣ አይጠቅምም። የሚለካ ነገር ያዙ። በብግነት የሚመጣ ቁርጥማት ጠዋት ላይ ነው የሚብሰው፣ መገጣጠሚያው ድርቅ ይላል። ስለዚህ ከአልጋ ስትነሱ ሰዓት እዩ። ጣቶቻችሁን አጥፋችሁ ጡጫ ለመጨበጥ ሞክሩ። የሹራባችሁን ቁልፍ ራሳችሁ መቆለፍ የቻላችሁበትን ሰዓት ጻፉ። በመካከሉ ያለው ጊዜ ነው መለኪያችሁ። የእኔ ደብተር ላይ አንዱ ቀን «1:10 ተነሳሁ፣ 2:35 ቆለፍኩ» ይላል። እንዲህ ያለው ቁጥር ለሐኪምም ይገባዋል።

የነበራችሁበትንም ቦታ ጻፉ። ይህ በተለይ ለእኛ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ከፍታዋ ግን ወደ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል ሞቃት ናት። ብዙ ሰው ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር ጉም ሸሽቶ ዘመድ ጋ ኮምቦልቻ ይወርድና እጁ ይፍታታለታል። እዚያ በሰነበተበት ሳምንት ወተት ካልጠጣ ምስጋናው ለወተቱ መቅረት ይሆናል። ሙከራውን አንድ ከተማ ላይ ጀምሩ፣ እዚያው ጨርሱ።

አንድ ተጠርጣሪ

ደብተሩን አይታችሁ አንድ ምረጡ። ሁለት በአንድ ጊዜ በፍጹም አይሆንም። ብዙውን ጊዜ ወተት ወይም ስንዴ ነው የሚሆነው። የእጅ ጣት ወይም የእግር አውራ ጣት መገጣጠሚያ በድንገት ቀልቶ የሚያብጥባችሁና ሐኪም ሪህ ነው ያላችሁ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ቢራ፣ ጉበትና ዱለት ናቸው መጀመሪያ የሚቀነሱት።

ማቆም፣ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት

ወተት ቀላል ነው። ክርስቲያን ከሆናችሁ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤና ሥጋ ያስቆማችኋል፣ ደብተሩን መያዝና ኋላ አንድ በአንድ መመለስ ብቻ ነው። ሙስሊም ከሆናችሁ ሙከራውን ረመዳን ላይ አትጀምሩ። የምግብ ሰዓቱም እንቅልፉም ስለሚቀየር ምን ምን እንዳመጣ አይለይም።

ስንዴ ነው ፈተናው። ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሳምቡሳ፣ ብስኩት መተው ማንም ይችላል። ችግሩ እንጀራው ላይ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም። በቃሉ ወረዳና በቆላው የሚበላው የማሽላ እንጀራም የለውም። ነገር ግን ከሱቅ ወይም ከጉልት የምትገዙት እንጀራ ጤፍ ብቻ መሆኑን ማን ያውቃል? ጤፍ ሲወደድ ስንዴ፣ ገብስ፣ ሩዝ ይገባበታል። እኔ ቤት የመጀመሪያው ሙከራ ከንቱ የቀረው በዚህ ነው። ሻጯ «ጤፍ ነው» ብላናለች። ውሸቷን አልነበረም፣ ለእሷ ጤፍ የሚበዛበት ሁሉ የጤፍ እንጀራ ነው። ኋላ «ምን ምን ትቀላቅይበታለሽ?» ብለን ስንጠይቃት ስንዴውንም ሩዙንም ሳትደብቅ ነገረችን። እናንተም እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ።

የሚሻለው ግን ጤፉን እህሉን ገዝቶ፣ ቤት ነፍቶና አበጥሮ ማስፈጨት ነው። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ከፊታችሁ የተፈጨው ምን እንደሆነ እዩ። ስንዴ ከነበረ ወፍጮው ውስጥ የቀረው ዱቄት ከእናንተ ጤፍ ጋር ነው የሚወርደው። ሌላ ሰው ጤፍ እስኪያስፈጭ ጠብቃችሁ ተከተሉ። መጀመሪያ የሚወርደውን አንድ ሁለት ኪሎ ለብቻው በፌስታል ያዙ፣ ለሌላው የቤት ሰው ይሆናል። ሴሊያክ የተገኘበት ሰው ግን ይህም አይበቃውም፤ ስንዴና ገብስ ጭራሽ የማይገባበት ወፍጮ ያስፈልገዋል።

አሁንም አላለቀም። እርሾው አለ። ከድሮው ቅልቅል ሊጥ የተቀዳ እርሾ ስንዴውን ይዞ አዲሱ ቡሃቃ ውስጥ ይገባል። ከንጹሕ ጤፍ አዲስ እርሾ ጀምሩ። በደሴ ብርድ ለመነሳት ቀናት ይፈልጋል፣ አትቸኩሉ። ቶሎ እንዲነሳ ብላችሁ ከጎረቤት እርሾ ከተዋሳችሁ ድካማችሁ ሁሉ ገደል ገባ። ሽሮና በርበሬም በዚያው ወፍጮ ነው የሚፈጩት፣ እንደ ጤፉ ተጠንቀቁላቸው። በሶ፣ ቂንጬ፣ የገብስ ገንፎ፣ ጠላ፣ ቢራ፣ እነዚህ ሁሉ ገብስ ወይም ስንዴ አለባቸው።

ሙከራው የሚሰበረው ግን ቤት አይደለም፣ ቡና ላይ ነው። ወሎ ቤት ቡና ያለ ቁርስ አይቀርብም። ቁርሱ ደግሞ የገብስ ቆሎ ወይም ዳቦ ነው። «በሞቴ፣ እቺን ብቻ!» ስትባሉ «አይስማማኝም» ካላችሁ ልመናው ይብሳል። «እትዬ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» በሏቸው። ያኔ «አብሽር፣ ይማርህ» ብለው ይተዉላችኋል። ፈንዲሻ ወይም የሽምብራ ቆሎ ይዞ መሄድም ጥሩ ነው። ባለቤቷም ደስ ይላታል፣ እናንተም ባዶ እጃችሁን አትቀመጡም።

መመለስ

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ይተወዋል። «ተሽሎኛል፣ ለምን ልመልሰው?» ይላል። ቁርጥማት ግን በራሱ ጊዜ ይነሳል፣ በራሱ ጊዜ ይበርዳል። ካልመለሳችሁት ምግቡ ይሁን ጊዜው አታውቁም።

ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ የተውትን አንድ ነገር መልሱ። ወተት ከሆነ የመጀመሪያ ቀን ግማሽ ሲኒ፣ በማግስቱ አንድ ሲኒ፣ በሦስተኛው ቀን አንድ ብርጭቆ። ስንዴ ከሆነ ቅቤም ማርም የሌለበት ደረቅ ዳቦ፣ ከቁራሽ ጀምራችሁ ጨምሩ። ከዚያ አቁሙና ሦስት ቀን ጠብቁ። ሆድ በሰዓታት ውስጥ ይናገራል፣ መገጣጠሚያ ግን ሊዘገይ ይችላል። ጠዋት ጠዋት ሰዓት ማየቱን አትተዉ።

የፋሲካ ዕለት መመለስ የለም። ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ አይቡ፣ ቅቤው፣ ድፎ ዳቦው በአንድ ማዕድ ገብቶ ሆድ ቢታመም ማን ይጠየቃል? ዒድም እንዲሁ ነው። በዓሉን በልታችሁ አሳልፉ፣ ሰውነታችሁ ሲረጋጋ ጀምሩ።

ከተቻለ ሳታውቁ ሞክሩ። የቤት ሰው አንድ ሳምንት ንጹሕ ጤፍ፣ አንድ ሳምንት ጥቂት ስንዴ የገባበት ይጋግርላችሁ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለእናንተ አይንገራችሁ። ቀይ ጤፍ ከሆነ ቀለሙ ብዙም አይለይም። የፈራነውን ምግብ ስንበላ የምንታመም ብዙዎች ነን፣ ይህ መንገድ ፍርሃቱን ከምግቡ ይለየዋል። አለርጂና ሴሊያክ ላለበት ግን ይህ ፈጽሞ አይደረግም።

እ.ኤ.አ. በ1991 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የኖርዌይ ጥናት ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። 53 የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው ሰዎች ተሳትፈዋል። ግማሽ ያህሉ ከአጭር ጾም በኋላ ምግብ አንድ በአንድ ተመለሰላቸው፣ ያመማቸውን ተዉ፣ ለወራትም ሥጋ አልበሉም። በቡድን ሲታዩ ከሌሎቹ ይልቅ ተሽሏቸው ነበር። ሁሉም ግን አልተሻላቸውም፣ የዳነም አልነበረም።

ውጤቱ ሲታወቅ

ለውጥ ከሌለ ምግቡን ሙሉ በሙሉ ወደ ማዕዳችሁ መልሱ። ሳያስፈልግ የተተወ ምግብ ሰውን ያከሳል። ሕመሙ ከተመለሰ ከሳምንታት በኋላ አንድ ጊዜ ድገሙት። ሁለቴ አንድ ዓይነት ከሆነ ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ለሆዳችሁ የማይስማማው ወተት ከሆነ ሁሉንም የወተት ነገር መጣል አያስፈልግም። የብዙ ሰው ችግር በወተቱ ውስጥ ያለው ስኳር ነው፣ ቅቤ ውስጥ እጅግ ትንሽ ነው ያለው፣ እርጎም ከትኩስ ወተት ይሻላል። ካልሲየሙን ከጤፍና ከጎመን ታገኙታላችሁ፣ ከሐይቅ የሚመጣው ዓሣም ለገንቢ ምግብ ጥሩ ነው። ጃርዲያ ተገኝቶባችሁ የታከማችሁ ከሆነ ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ወተቱን በሲኒ ጀምራችሁ እንደገና ሞክሩት።