ፎቶዎቼ ላይ የዘነበው «በረዶ»

ውኃ ውስጥ የማነሳቸው ፎቶዎች ሁሉ በረዶ የዘነበባቸው ይመስሉ ነበር። ነጭ ነጠብጣብ በየቦታው! ሌንሱን ጠርጥሬ ደጋግሜ ወለወልኩት። ወይ ፍንክች። ለካስ ጥፋቱ የፍላሹ ነው። ሌንሱ አጠገብ ስለነበር ብርሃኑ ውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ነገር መትቶ በቀጥታ ወደ ካሜራው ይመለሳል። ጭጋግ ውስጥ የመኪና ረጅም መብራት እንደማብራት ማለት ነው።

ፍላሹን በማራዘሚያ ዘንግ ወደ ጎን አራቅሁት፤ ፊቱንም ትንሽ ወደ ውጭ አዞርኩት። ዓሣውን የሚነካው የብርሃኑ ጠርዝ ብቻ ሆነ። ከዚያ ከ1 ሜትር በታች ተጠጋሁ። በመሃላችን ያለው ውኃ ሲያንስ ነጠብጣቡም አነሰ። ቀዩ ቀለምም ተመለሰ፤ ውኃ ቀድሞ የሚውጠው ቀይን ነውና። አሸዋውን በእግሬ መቀስቀስም ትቻለሁ (እሱስ የራሴው ጣጣ ነበር)። አሁን የሚቀሩኝን ሁለት ሦስት ነጥቦች ኮምፒውተር ላይ አጠፋቸዋለሁ።